ያ ነጭ ነገር

ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን አልፎ አልፎ ያማታል እንጂ ሥራዋን አላቆመችም። በሶውን በሰው ልካልሻለች። ሲደርስሽ ደውይላት፤ ካልደወልሽ ስትሰጋ ነው የምትሰነብተው።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ጀምሬ ነበር። ኔትወርኩ ተቆራረጠና ተውኩት። ጥሩም ሆነ። እንዲህ ያለው ነገር ቁጭ ብሎ ቢጻፍ ይሻላል።

በ1992 ዓ.ም. የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሽ ከጓሯችን ዋንዛ ላይ ወድቀሽ እጅሽ መሰበሩን መቼም አትረሺውም። አዲስ አበባ ወስደን አሳከምንሽ። ስንመለስ ግራ እጅሽ ከክርንሽ በላይ ድረስ በጀሶ ታስሯል። አውቶቡሱ ውስጥ በመስኮት በኩል አስቀመጥኩሽ። ጎሐ ጽዮንን አልፈን ወደ አባይ በረሃ ስንወርድ ውጭውን እያየሽ «አባዬ፣ ያ ነጭ ነገር ምንድን ነው?» አልሽኝ። እኔ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። ቀና ብዬ እንኳ አላየሁም። «ድንጋይ ነው፣ ተኚ» አልኩሽ። ጥቂት ዝም አልሽና «እንደ እጄ ነጭ ነው እኮ» ብለሽ ትከሻዬ ላይ ተኛሽ።

ያቺ ጥያቄሽ መልስ አገኘች። ሃያ ዓመት ፈጀብኝ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ለሱቁ ዕቃ ላመጣ በወር ሁለቴም ሦስቴም መርካቶ እሄድ ነበር። ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ ቀለም፣ ጀሶ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን በፈቃዴ በረሃው ውስጥ ቆሜ አላውቅም። ጎማ ሲፈነዳ ቆሜያለሁ። ፍሬን ሲግል ቆሜያለሁ። ያን ጊዜ ደግሞ ዓይኔ ያለው መኪናው ላይ ነው። ጭነቱ ይደርሳል፣ አይደርስም፣ ሐሳቤ ሁሉ እሱ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ አጎትሽ ያቺን አሮጌ ፒክአፕ አሠርቶ ደጃችን ላይ ጡሩምባ ነፋ። «ጋሼ፣ ተነስ፤ ጎሐ ጽዮን ደርሰን እንመለስ» አለኝ። «ምን ልናመጣ?» አልኩት። «ምንም። ደስ ያለን ቦታ ላይ እየቆምን እንሄዳለን» አለኝ። እናትሽ ዳቦና ቆሎ ቋጠረችልን። ሁለት ጀሪካን ውሃ ጫንን። ሉማሜን በጠዋት አለፍን።

አንቺ አሁን የከተማ ሰው ሆነሻልና አንድ ነገር ላስታውስሽ። ሌላው ሰው በረሃ ሲባል አሸዋና ግመል ነው የሚታየው። እኛ ጎጃሞች ግን በረሃ የምንለው ቆላውን ነው። ወበቁን፣ ወባውን፣ ግራርና ቁልቋሉን፣ ሰው ተራርቆ የሚኖርበትን ያን ገደል። ሽፍታ «በረሃ ገባ» ሲባልም የሚገባው እዚያ ነው። አባይ ደግሞ ጎጃምን እንደ ቀለበት ይዟታል። ከጣና ይወጣል፣ በምሥራቅ ይወርዳል፣ በደቡብ ይታጠፍና ወደ ምዕራብ ይነጉዳል። ስለዚህ ከአገሩ የወጣ ጎጃሜ አብዛኛውን ጊዜ አባይን መሻገሩ አይቀርም። አንቺም የሄድሽው ተሻግረሽ ነው።

ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህች አጭር ርቀት ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርጃለሽ፣ ያንኑ ያህል ደግሞ ሽቅብ ትወጫለሽ። ደጀን ላይ ሹራብ ለብሰን ነበር። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ አወለቅነው። ድልድዩ ጋ ስንደርስ የሸሚዛችንን ቁልፍ ከፍተናል።

የመጀመሪያው መቆሚያችን ገና ጠርዙ ላይ ነው። አጎትሽ መኪናዋን ዳር አስያዘ። ከመንገዱ በላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ እንደ ቋሚ እንጨት ተደርድሯል። አንድ ባላባት ግቢውን ሊያጥር ግንድ ለግንድ አስጠግቶ ያቆመው ነው የሚመስለው። ቀርቤ ዳሰስኩት። ጠርዝ አለው። አንዱ አምስት ጎን፣ አንዱ ስድስት ጎን። ሰው የጠረበው እንጂ የተፈጥሮ አይመስልም። በዚህ ሥር ስንት መቶ ጊዜ አልፌያለሁ! አንድም ቀን ልብ ብዬ አላየሁትም።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ተከፈተ ልበልሽ? ሁሉም ነገር ይታየኝ ጀመር። ኩርባው ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተቀመጡት ድንጋዮች ታኮ ናቸው። ሽቅብ የሚወጣ ተሳቢ ሲቆም ረዳቱ ወርዶ ጎማ ሥር ይወሽቃል። መኪናው ሲነሳ ታኮው እዚያው ይቀራል። ይህ ነገር ያናድደኛል፣ ማታ ለሚመጣው ሾፌር አደጋ ነው። አጎትሽ አምስት ቦታ እያቆመ ወደ ዳር ገፋው። ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ መንገዱ ላይ የዛፍ ቅርንጫፍ ተጥሏል። ሃምሳ እርምጃ ሄደሽ ሌላ ቅርንጫፍ፣ ከዚያ ሌላ። ከኩርባው ጀርባ የተበላሸ መኪና አለ ማለት ነው። መብራት የለው፣ ሦስት ማዕዘን የለው፣ ቅጠል ግን አለ። ማንም ሾፌር ይህን ቋንቋ ያውቀዋል። ቅጠሉ ጠውልጎ ከሆነ መኪናው ከትናንት ጀምሮ እዚያ እንደቆመ ታውቂያለሽ።

አንድ የኪሎ ሜትር ድንጋይም አገኘን። ሣር ውጦት ነበር። አጎትሽ በቢላ ሣሩን አጨደለት፣ እኔ ጭቃውን በመዳፌ ጠረግሁ። «2» የሚል ቁጥር ወጣ። የቀሩት አሃዞች ያሉበት ጥግ ተሸርፏል። ከአዲስ አበባ 200 ከምናምን ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። መኪና መጀመሪያ የተነዳበትን መንገድ በዚህ ገደል ያወረደው ጣሊያን ነው። ይህ ድንጋይ የዚያ ዘመን ይሁን የኋላ እንጃ፤ ግን ስንት ተጓዥ «ገና ነው፣ ደረስን» እያለ በዓይኑ የፈለገው ድንጋይ ነው። ጥቂት ቁጭ አልኩበት።

ኩራር ላይ ቡና ጠጣን። ይህን ቤት ብታዪው ትወጂዋለሽ። የላስቲክ ዳስ ናት። ወንበሮቿ ግን የአውቶቡስ ወንበሮች ናቸው። አራት ጥንድ ወንበር፣ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው ተደርድረዋል። ከኋላቸው ቁጥራቸው አልጠፋም። እኔ 17 ላይ፣ አጎትሽ 18 ላይ ተቀመጥን። አጥሩ ግማሹ መሬት የገባ አሮጌ ጎማ ነው፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ተቀብቷል። የባለቤቷ ልጅ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰሃን እንደ መሪ ይዞ ይነዳል። አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ማርሽ ሲቀይር በአፉ ያጓራል። «ወዴት ነው?» አልኩት። «ባሕር ዳር» አለኝ። «ስንት ነው?» አልኩት። «ሞልቷል» አለኝ። ጤና አዳም ጣል ያለባት ቡና መጣች። ፊት ለፊታችን ገደሉ፣ ከገደሉ ማዶ ሌላ ገደል። የተቀመጥንበት አውቶቡስ ወዴትም አይሄድም፤ እኔ ግን በሕይወቴ እንደዚያ ቀን መንገድ የተጓዝኩ አልመሰለኝም።

ከኩራር በታች መንገዱ ይታመማል። አስፋልቱ እንደ ነጠላ ይታጠፋል፣ ይሰነጠቃል። የድጋፍ ግንቡ ወደ ጎን ያዘመመበት ቦታ አለ። የሠሪው ጥፋት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው። መሬቱ ራሱ ይንሸራተታል። ከላይ የተናደ ቋጥኝና አፈር፣ ከሥሩ ሸክላ የመሰለ ለስላሳ ድንጋይ አለ። ክረምት ውሃ ሲገባው ሁሉም ቀስ እያለ ወደ አባይ ይሄዳል። የጃፓን ባለሙያዎች ሳይቀሩ ይህንን መንሸራተት ለብቻው አጥንተውታል።

አባይ ድልድይ ላይ ፎቶ አላነሳንም። ጥበቃው አይፈቀድም አለን፤ እሺ አልን። ስለዚህ በቃል ልንገርሽ። ድልድዮቹ ሁለት ናቸው፣ ጎን ለጎን። አዲሱ 303 ሜትር ይረዝማል። በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ተመረቀ። ሁለት ምሰሶዎች ቆመዋል። ከምሰሶዎቹ ግራና ቀኝ ወፍራም ገመድ እንደ በገና አውታር ተወጥሯል። አንቺ እጅሽን ታቅፈሽ የተሻገርሽው ግን በአሮጌው ነው። አሁን መኪና አይበዛበትም፤ ዝም ብሎ ቆሟል። ወንዙ የክረምቱን አፈር ገና አልጨረሰም፤ ቡናማ ነው። አንድ ግንድ እየተንከባለለ ሲያልፍ አየንና ሁለታችንም እኩል «ግንድ ይዞ ይዞራል» አልን። አያትሽ ቢኖሩ ይስቁ ነበር።

ማዶ ተሻግረን ሽቅብ ስንጀምር ከሩቅ ቀይ ነገር ብልጭ አለ። ስንቀርብ ጥላ ነው። ጥልፍ ያለበት የቤተ ክርስቲያን ጥላ። አንድ ሽማግሌ ሥዕል ይዘው፣ ጨርቅ ዘርግተው ለሕንፃ ማሠሪያ ይለምናሉ። በዚያ ሐሩር፣ አንድም ቤት በማይታይበት ቦታ። «አባ፣ ቤተ ክርስቲያኑ የት ነው?» ብላቸው በጣታቸው ገደሉን ወደ ላይ አሳዩኝ። ምንም አይታየኝም። «አይታይም፣ ግን አለ» አሉኝ። ከዳቦው ግማሹን ሰጠናቸው፤ ገንዘቡንም ጨርቁ ላይ ጣልን።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ።

ፍልቅልቅ የምትባለው መንደር ሳንደርስ አንድ ሚኒባስ ቆሟል። ወጣቶች መዶሻ ይዘው ገደሉን ይቀጠቅጣሉ። ጆንያ የሌላቸው ድንጋይ ፈላጮች መስለውኝ ነበር። የጂኦሎጂ ተማሪዎች ናቸው። አንዷ ባንቺ ዕድሜ ትሆናለች፤ ያንቺን ዓይነት ችኮላም አላት። «አባባ፣ ይምጡ፣ ይዩ» ብላ ጠራችኝ። ግራጫ ድንጋይ አነሳችና ከትንሽ ብልቃጥ አሲድ ጠብ አደረገችበት። ድንጋዩ አረፋ ደፈቀ። የኖራ ድንጋይ እንዲህ ያደርጋል አለችኝ። ከዚያ ገልብጣ አሳየችኝ። ልጄ፣ ድንጋዩ ውስጥ ዛጎል አለ! የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ እንደ ማራገቢያ ሸንተረር ሸንተረር ያላት ዛጎል። ሸንተረሮቿን ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው።

«እዚህ ባሕር ነበር» አለችኝ። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባሕሩ ከምሥራቅ መጥቶ ይህን አገር ሸፍኖት ነበር። ዛጎሎቹ የዚያ ባሕር ናቸው። ጠዋት ያየነውን የጥቁር ድንጋይ አጥርም ጠየቅኋት። እሱ ልጅ ነው፣ ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ቢሆነው ነው ብላ ሳቀች። ከመሬት ውስጥ ቀልጦ የወጣ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ይሰነጠቃል፤ ዋልካ መሬት በበጋ እንደሚሰነጠቀው። በአባይ በረሃ ቁልቁል በወረድሽ ቁጥር ድንጋዩ እያረጀ ይሄዳል። ከላይ ጥቁሩ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋዩ፣ ከዚያ ነጩ፣ ታች ወንዙ ጋ ቀዩ የአሸዋ ድንጋይ።

«ነጩ?» አልኳት።

በጣቷ ከመንገዱ ማዶ አሳየችኝ። ያው ነው። አንቺ ያየሽው። ገደሉ ሆዱ ላይ ነጭ ጥምጥም የታሰረ ይመስላል፤ ጥምጥሙ መሐል ቀጫጭን አረንጓዴና ቡናማ መሥመር አለው። ከሥሩ የተፈረካከሰ ነጭ ድንጋይ ተከምሯል። ተሻግሬ አንዱን አነሳሁ። ላየው ጠንካራ ነው። ልጅቷ «አባባ፣ በጥፍርዎ ይፋቁት» አለችኝ። ፋቅሁት። ተፋቀ። በጥፍሬ ውስጥ ነጭ ዱቄት ገባ።

ይህን ዱቄት አውቀዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ጥፍሬ ውስጥ ነበር። «ይሄማ ጀሶ ነው!» አልኩ። «አዎ፣ ጀሶ ነው» አለችኝ።

ባሕሩ ጥልቀት ባልነበረበት ጊዜ ውሃው በፀሐይ እየተነነ፣ በውስጡ የሟሟው እየረጋ ተከማቸና ይህን ሠራ። ድንጋዩ ውስጡ ውሃ አለው። 150 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ አብዛኛው ውሃው ይወጣል፣ ይፈጫል፣ ዱቄት ይሆናል። ውሃ ስትመልሺለት እንደገና ድንጋይ ይሆናል። የቤታችን ኮርኒስ እሱ ነው። ሲሚንቶ ውስጥም ትንሽ ይጨመራል፤ ካልተጨመረ ሲሚንቶው ውሃ እንደነካው ወዲያው ይጠነክርና ለሠራተኛ አይመችም። ሐኪሙ እጅሽ ላይ የጠቀለለውም ያው ዱቄት ነው። ፋሻው ውስጥ ያለው ጀሶ ውሃ ሲነካው ድንጋይ ሆነና አጥንትሽን ያዘ።

«እንደ እጄ ነጭ ነው እኮ» አልሽኝ። እጅሽ ላይ የታሰረውና ገደሉ አንድ ድንጋይ ናቸው። የሰባት ዓመት ልጅ ሆነሽ፣ እጅሽ እየጠዘጠዘሽ፣ በአውቶቡስ መስኮት አይተሽ አወቅሽው። እኔ ጀሶ ነጋዴው «ተኚ» አልኩሽ።

እዚያ ቆሜ አለቀስኩ። አጎትሽ አቧራ ገባብህ ወይ አለኝ። አልዋሸሁትም፤ ነገርኩት። እሱም ያን ቀን ያወሳ ጀመር፤ ስትመለሺ መናኸሪያው ላይ ተቀብሎ በትከሻው ተሸክሞሽ ነበር። ያኔ ስላልመለስኩልሽ ይቅር በይኝ፣ ሆዴ።

ስንመለስ ብዙም የምነግርሽ የለም። ዝንጀሮዎቹ እንደ ድሮው የመንገዱ ግንብ ላይ ተደርድረው ምጽዋት ይጠብቃሉ። ከመኪና ዳቦ የሚወረውሩላቸው ሰዎች በዝተዋል። እኔ አልወረወርኩም፤ አንቺም አትወርውሪ። እየለመዱ መሐል መንገድ ይገቡና ይገጫሉ። ግልገሏን ያዘለች አንዲት እናት ከመኪናችን ፊት ዘላ ስታልፍ ልቤ ቆሞ ነበር። ከድልድዩ በላይ ደግሞ ሞተሯ ጋለ። ራዲያተሩ ፈላ። አጎትሽ ቅርንጫፍ ቆርጦ መንገዱ ላይ ጣለ፣ እኔ ታኮ ወሸቅሁ። እስኪበርድ አንድ ሰዓት ቁጭ አልን። ሁለቱም ጀሪካን አለቀ። ስንነሳ ታኮውን አንስቼ ገደል ዳር አስቀመጥኩት።

ተማሪዎቹ ዛጎል ያለበትን ድንጋይ ውሰድ ቢሉኝም አልወሰድኩም፤ ቦታው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት። የጀሶው ስባሪ ግን ኪሴ ገብቷል። አሁን ሱቁ ውስጥ ባንኮኒው ላይ፣ ከሚዛኑ ጎን ነው። ደንበኛ ሲመጣ «ይህን በጥፍርህ ፋቀው» እለዋለሁ። ትናንት አንድ ግንበኛ ፋቀውና አፉን ከፍቶ ቀረ። ሃያ ዓመት ኮርኒስ ሲለስን የኖረ ሰው ነው።

አጎትሽ አሁን ሌላ ሐሳብ መጥቶበታል። በሞጣ በኩል ወርደን ሰባራ ድልድይን እንይ ይላል። በጎንደር ነገሥታት ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሐሉ ፈረሰ። ከዚያ ሰዉ ስንት ዓመት ሙሉ ከወዲህና ከወዲያ በገመድ እየተጎተተ ነበር የሚሻገረው። እሱን ያለ አንቺ አንሄድም ብዬዋለሁ።

ለገና ትመጫለሽ አይደል? በቀን ነይ። በሌሊት አውቶቡስ እንዳትነሺ። ጎሐ ጽዮን ላይ ውረጂ፣ እኛ እዚያ እንጠብቅሻለን። ራዲያተሩ ተሠርቷል። ሦስት ጀሪካን እጭናለሁ። ነጩ ጋ ስንደርስ መኪናዋን ዳር እናስይዛታለን፣ አንቺ ትወርጂና በግራ እጅሽ ትፍቂዋለሽ።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች። ጋቢሽን አጥባ አስቀምጣልሻለች።

አባትሽ